የእኩል ምልክቱ ውፍረት

ጋሼ ዛሬ ጠዋት ሁለት መነጽር ደርቦ ነበር። አንዱ የራሱ ነው፤ ሌላው የእናታቸው የነበረ፣ አንድ እጀታው በክር የታሰረ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ከመሳቢያ የወጣ መነጽር ነው። እህቱ ሻይ ይዛ ስትገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የትናንት ጋዜጣ አፍንጫው ላይ ለጥፎ አገኘችው። ብትስቅ ይከፋዋል፤ አይታ እንዳላየች ብታልፍ ደግሞ ይብስበታል። «ምነው ጋሼ፣ አንዱ አልበቃ አለህ?» አለችው ብርጭቆውን እጁ የሚደርስበት ቦታ እያስቀመጠች። «አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ለሩቅ ነው» አላት ሳይዞር። «መሀል ላይ ያለውስ?» «እሱን አንቺ ትነግሪኛለሽ።» ሁለቱም ሳቅ አሉ። ከዚያ ጋዜጣውን አጥፎ ብርጭቆውን ለማንሣት እጁን ሰደደ፤ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ነው ያገኙት። እሷ ያንን ላለማየት አልጋውን ማንጠፍ ጀመረች።

ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይገባል። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰባቸውም፤ ቀዶ ሕክምናው ሕመሙን ያስታግሣል፣ የሄደውን ብርሃን ግን አይመልስም፣ የቀረችውም ተርፋ ብትገኝ ዕድል ነው አላቸው። እህቱ እዚያው ወንበር ላይ እንባ ሲያንቃት፣ ጋሼ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት ማየት የምፈልገው አንድ ገጽ አለ፣ እደርስበታለሁ ወይ አለ። ሐኪሙ ምን ዓይነት ገጽ እንደሆነ ስላልገባው «ይዩ እንጂ፣ ማን ከለከለዎት» ብሎ አሰናበታቸው። ገጹ ግን ገና አልተሠራም። መሠራት ያለበት ዛሬ ነው፤ የምትሠራውም እሷ ናት።

ጋሼ ዕድሜውን የፈጀው ፊደል ሲሥል ነው። መጀመሪያ ለሱቅ ሰሌዳ በብሩሽ ይሥል ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ብሩሹን ጥሎ እሱን ያዘ። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ሆኖ ለመጻሕፍት የሚሆን፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የፊደል ጥቅል ሲሠራ፣ የጽሑፉን ፊደል ጋሼ ሣለ፤ የሒሳቡን ምልክት ደግሞ ታናሽየው፣ የሒሳብ መምህር ነውና፣ እሱ ሣለ። እሷ መካከለኛዋ ልጅ ናት። ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ስለሆነች፣ የሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ማሰር፣ በፊደሉና በምልክቱ መካከል ያለውን ርቀት ማስተካከል፣ ስሕተት ሲገኝ ጥቅሉን አድሶ ማውጣት የእሷ ድርሻ ሆነ። ጥቅሉን ማንም በነፃ ወስዶ ይጠቀምበታል። ሒሳብ የሚያሳትም ሁሉ ስለሚፈልገው፣ የማያውቋቸው ሰዎች ከማያውቁት ቦታ እየጻፉ ቅንፉ ወደ ግራ አዘነበለ፣ የካሬ ሥሩ ጣሪያ አጠረ እያሉ ይከሷቸዋል፤ አንዳንዴም ያመሰግኗቸዋል። አሁን ግን ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተሮቹን ቀየረና፣ አዲሶቹ አሮጌውን ጥቅል አንከፍትም አሉ። የዘንድሮው የሒሳብ መጽሐፍ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ጥቅሉ መታደስ አለበት፤ ለመታደስ ደግሞ ከሁለቱም ወንድሞች አዲስ ፋይል ያስፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ወንድማማቾቹ ከተነጋገሩ አራት ዓመት አልፏቸዋል። በውርስ ወይም በሴት ቢሆን ሰው ይረዳቸው ነበር፤ እነሱ የተጣሉት በውፍረት ነው። የትምህርት መጻሕፍት የሚታተሙበት ግራጫ ወረቀት ፊደሉን እየዋጠ ሲያስቸግር፣ ጋሼ ማንንም ሳያማክር ፊደሎቹን በሙሉ አወፈራቸው። ምልክቶቹ እንደነበሩ ቀሩ። መጽሐፉ መምህሩ ክፍል ሲደርስ ቃሉ ሁሉ ጠብደል፣ የእኩል ምልክቱና የክፍልፋዩ መስመር ግን ፀጉር አክሎ፣ ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች «መምህር፣ እዚህ መሀል የተዘለለ ነገር አለ» ይሉት ጀመር። ይህንኑ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሲያነሣ፣ ጋሼ ከሳህኑ ቀና ሳይል «የሚነበበው ፊደል ነው፤ ምልክት ታይቶ ይታለፋል» አለው። ለቀልድ ይሆናል ያለው። መምህሩ ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ኮቱን የለበሰው ደረጃው ላይ ነው። ጋሼ ብቅ ብሎ ቢጠራው ይመለስ ነበር፤ መምህሩ ደረጃው ግርጌ ጥቂት ቆሞ እንደነበር እሷ በመስኮት አይታለች። አንዱ አልጠራም፣ ሌላው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ጋሼ «ያ መምህር» ይላል፣ መምህሩ «ወንድምሽ» ይላል፣ እሷም ለሁለቱም እሺ እያለች ትኖራለች።

አምና ግን ጋሼ ምንም ሳይል ሥራ ጀመረ። አንዱን ፊደል መስኮት እስኪያክል አጉልቶ፣ ግንባሩ የኮምፒውተሩን መስታወት እስኪነካ ተጠግቶ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አቀጠናቸው። ወደ ድሮው አልመለሳቸውም፤ መስመሩን ቀጠን፣ የፊደሉን ሆድ ሰፋ እያደረገ ግራጫው ወረቀት እንዳይውጣቸው ተጠበበባቸው። ውፍረታቸውን ግን ከታናሽየው ምልክቶች ጋር አስተካከለ። ዓይኑ እየከዳው፣ ጠዋት ያቃናውን ከሰዓት ሲያየው እየተጣመመበት፣ ባለፈው ወር እንደምንም ጨረሰ። «እንዳትነግሪው» ብሎ አስማላት። «ገጹ ላይ ራሱ ይየው። ለመነኝ እንዳይል።» እሷም እንዲህ ያለው ነገር በድንገት ሲታይ ያምራል ብላ ማለች። የዓይኑንም ነገር እንዳትነግረው አብሮ አስምሏታል፤ ያዘነልኝ ስለታመምኩ ነው እንዳልል ብሎ።

ትምህርት ቤቱ በማተሚያ ቤቱ መንገድ ላይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡ ሴትዮ የቤት ኪራይ እንዴት እንደናረ እስክትወርድ ድረስ ነገሯት፤ አከራያቸው ውሃ የሚያቆመው ሆን ብሎ እንደሆነ ጭምር። እሷ ራሷን እየነቀነቀች ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን የጋሼን ፍላሽ በጣቷ ትዳስስ ነበር። መምህሩ በሁለት ክፍለ ጊዜ መሀል የግቢው በር ላይ ጠበቃት። የኮቱ እጅጌ በጠመኔ ነጭ ሆኗል፤ ከጆሮው በላይ ያለው ፀጉር ደግሞ ያለ ጠመኔ ነጭ መሆን ጀምሯል። ፍላሹን ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጎ ሰጣት።

«እትዬ፣ ቢሮ ሳትደርሺ እንዳትከፍቺው» አላት።

«ምን አደረግክበት?»

«ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።» ፈገግታውን ሊደብቅ ወደ ግቢው ዞረ። «ወንድምሽስ ምን ላከ?»

«ያው የተለመደውን ነዋ» አለች።

«ዓይኑን ያመዋል የሚባለውስ?»

«ደህና ነው። መነጽር ጨምሯል።»

ይህን ስትል ራሷም ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፣ ደወሉ ተደወለና ተለያዩ። በኋላ ቀኑን ሙሉ ስታስበው የዋለችው ይህችን ቦታ ነው። አንድ ቃል አፏ ላይ ደርሳ ነበር። ወንድምህ ፊደሉን አቅጥኖታል ብትለው፣ መምህሩ እዚያው በሩ ላይ ክብሪት ቀፎውን መልሶ ይቀበላት ነበር። የመምህሩ ሚስትም ከወር በፊት በስልክ ስታማርር «ባልሽ የት ነው ለሚለኝ ሁሉ ከቅንፍ ጋር ነው እላለሁ፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እኮ ነው የሚያድረው» ብላት ነበር። እንደ ቀልድ ሰምታ እንደ ቀልድ አለፈችው። ምን እየሠራ ነው ብላ አልጠየቀችም።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ገጽ ቅንብር ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከታች ማሽኖቹ ሲሠሩ የሻይ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁን ሠራተኛው «ነገ ይደርሳል» ነው የሚለው፤ ለደንበኛ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ስለሆነ። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ መጥቶ ራሷ ላይ ቆመ፤ ወረቀት በዚህ ሳምንት እንደገና መጨመሩን፣ የመጽሐፉ ባለቤቶች ሦስቴ መደወላቸውን፣ ማሽኑ ባዶውን መቆሙን ዘረዘረ። «ምን አልካቸው?» አለችው። «ምን እላለሁ፣ ነገ ይደርሳል ነዋ» አለ፣ ምን እንዳሳቃት ሳይገባው። ሲሄድላት ሁለቱን ፍላሾች አስገባች፤ የጽሑፉን ፊደል በአንድ በኩል፣ ምልክቶቹን በሌላ በኩል አድርጋ ማሰር ጀመረች። ሥራውን እጅዋ ያውቀዋል። የፊደሉ ራስና የምልክቱ ወገብ በየት መስመር እንደሚገናኝ፣ ቅንፍ ከቀደመው ፊደል ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከታች የምትጻፈው ትንሽ ቁጥር ምን ያህል ዝቅ እንደምትል ሁሉ አንድ በአንድ ለኮምፒውተሩ መነገር አለበት። ምሳ ሰዓት ላይ አሰረችና መፈተኛ ገጹን አተመች።

መፈተኛ ገጹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያው አንድ ገጽ ነው። ከላይ በሁለት ቧንቧ ስለሚሞላ የውሃ ጋን የሚናገር ጥያቄ አለ፤ ከታች ስሌቱ፣ ክፍልፋዩ፣ ቅንፉ፣ የካሬ ሥሩ። ሦስቱም በቃላቸው ያውቁታል። ጥቅሉ በታደሰ ቁጥር ያንን ገጽ አትመው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይተቹበት ነበር፤ ጋኑ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ግን አንድም ቀን ግድ ሰጥቷቸው አያውቅም። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ አንሥታ አየችው፤ የተሳሳተ ፋይል ያስገባች መሰላት። ፊደሉ ቀጭንና ሰፋ ያለ፣ ጋሼ እንደሠራው ነው። ምልክቶቹ ግን ጥቁርና ወፍራም ሆነው ጥያቄውን ተጭነውታል። የእኩል ምልክቱ ሁለት ወፋፍራም ዘንግ ሆኖ፣ ግራና ቀኙ ያሉት ፊደሎች ከሱ የሸሹ ይመስላሉ። የፋይሉን ቀን አየች፤ ልክ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፣ እንደገና አሰረች፣ እንደገና አተመች። ያው ነው።

የመምህሩን ፍላሽ ከፍታ ምልክቶቹን አንድ በአንድ አጉልታ ስታይ ነው የገባት። ነካ ነካ ያላት ነገር አዲስ ሥራ ነው። ቅንፎቹ እንደ ስሌቱ ቁመት ስለሚረዝሙ እያንዳንዱ ቅንፍ ከትንሹ እስከ ትልቁ ለየብቻ ይሣላል፤ ሁሉም በእጅ ተሥለዋል። መስመራቸው ጋሼ የዛሬ አራት ዓመት ባወፈረው ልክ ነው። መምህሩ ወደ ጋሼ ፊደል ሄዷል፤ ጋሼ ወደ መምህሩ ምልክት መጥቷል። አንዱ ሌላውን ሳያይ ተላልፈዋል። ያን ቀን ምሳ ላይ ከነበረው ይልቅ ዛሬ ጨርሶ ተራርቀዋል። ሳቋም መጣ፣ እንባዋም መጣ፤ የትኛው እንደሚቀድም ሳታውቅ ስልኳን አነሣች።

«አየሽው?» አለ መምህሩ ገና ሳይጠየቅ። ድምፁ ሌላ ሆኗል፤ ልጅ ሳለ ጥሩ ውጤት ይዞ ሲመጣ የነበረው ድምፅ ነው።

«አየሁት። ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ለወንድምሽ ትነግሪዋለሽ ብዬ ነዋ። ስምንት ወር ነው የለፋሁበት። ገጹ ላይ ራሱ ይየው አልኩ።»

«እሱም አቅጥኖታል።»

«ምኑን?»

«ፊደሉን። ሁሉንም። ወደ አንተ።»

ስልኩ ውስጥ የተማሪ ጫጫታ ብቻ ይሰማ ነበር። ያኔ መሐላዋን ሁሉ አፈረሰችው፤ የዓይኑን ነገር፣ የነገውን ቀጠሮ፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ጋሼ ከዚያ በፊት ላየው የሚፈልገው አንድ ገጽ ይህ መሆኑን ነገረችው። መምህሩ «እሺ» ብቻ ብሎ ዘጋው። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ለጓደኛው ትቶ፣ ጠመኔውን እንኳን ሳያራግፍ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበር። ገጹን ከእጅዋ ተቀብሎ ቆሞ አየው። «ነገ ይደርሳል» ብቅ ብሎ በትከሻው ላይ አሻግሮ አየና «ምን ሆነ? ይነበባል እኮ! ማን ውፍረት ይለካል፣ ማሽን ላይ ይውጣ» አለ። መምህሩ ዞር ብሎ ሲያየው ሰውየው ሌላ ሥራ እንዳለው ትዝ አለው።

«ከሁለት አንዱ መመለስ አለበት» አለችው። «የአንተ የድሮዎቹ ምልክቶች አሉ። ጋሼ ፊደሉን ሲያቀጥን የለካው በእነሱ ስለሆነ፣ እነሱን ብመልሳቸው ልክ ይገጥማሉ። የእሱን እንደገና ማወፈር ግን በዚህ ዓይኑ አይታሰብም።» መምህሩ ጣቱን በአንዱ ትልቅ ቅንፍ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደው። ሠራው ከተባለ የሚኮራበት ሥራ እንደሆነ እሷም ታያለች። ከዚያ ግን ፊቱ ፈታ አለ። «እንደዚሁ ልውሰድለት» አላት። «ሳንነካው። እሱም መጥቷል፣ እኔም ሄጃለሁ፤ አይቶ ይሳቅብን። ከሳቀ በኋላ የኔን እመልሰዋለሁ፤ ምንም አይደል።» ያንን ሲል ዓመታት የወረዱለት መሰለ። አውቶቡስ ውስጥም ዝም አላለም፤ ጋሼ ሲስቅ እንዴት ሳሉን እንደሚያስከትል፣ እናታቸው «ሳቁን አቁሙት፣ ይህ ልጅ ይሞትብኛል» ትል እንደነበር አነሣሣ። መንገድ ላይ ወርዶ ብርቱካን ገዛ። ሻጩ የነገረውን ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ፤ መምህር ሲባል እንዲህ አያደርግም።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። በሩን ሲከፍቱ ጋሼ ጠዋት የነበረበት መስኮት ሥር፣ ሁለቱን መነጽሮች እንደደረበ ተቀምጧል። የክፍሉ ግድግዳ በድሮ ፊደሎቹ ተሸፍኗል፤ ጠርዛቸው ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ጥግ ላይ ያለችው ኮምፒውተር ጨርቅ ለብሳለች። «ማነው ከአንቺ ጋር ያለው፣ እታለም?» አለ ወደ ኮቴው ዞሮ። እህቱ ልትመልስ ስትል መምህሩ «እኔ ነኝ» አለ። ጋሼ መነጽሮቹን ተራ በተራ አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋቸው፣ ተራ በተራ መልሶ አደረጋቸው። «ግባና በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» አለ። ከዚያ «ምሳ በልተሃል?» አለው። መምህሩ «በልቻለሁ ጋሼ» አለ። ያቺን «ጋሼ» እህታቸው ስንት ጊዜ ጠብቃት ነበር፤ ስትመጣ ግን እንዲህ በቀላሉ መጣች፣ አንድም ነገር አልተሰበረም። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲጠበቅ እንደነበር አልገባትም።

መምህሩ ገጹን ከኮቱ ውስጥ አውጥቶ አቀበለው። ጋሼ በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ዞረ። ወረቀቱን መነጽሩ እስኪነካ አቀረበው፣ ትንሽ ወደ ግራ ወሰደው፣ ወደ ቀኝ መለሰው። መምህሩ ብርቱካኑን እንደያዘ፣ ሳቅ አፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሼ ጣቱን ወደ ገጹ ወገብ አወረደ፤ ቦታውን በቃሉ ስለሚያውቀው የእኩል ምልክቱን አልሳተም። «ይኸው» አለ። «ይቺ የአንተ ናት። ያው እንደ ድሮዋ፣ ፀጉር የመሰለች። አልነካሃትም። ትነካት ይሆናል ብዬ እንዴት ፈርቼ ነበር መሰለህ።» ጣቱ ያረፈችበት ምልክት በሩ ላይ ለቆመችው እህቱ ሳይቀር ጠቁሮ ይታያታል።

የመምህሩ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። እህቱን አያት፤ እሷ ወለሉን ታያለች። ጋሼ ገጹን አላየውም። ጭጋግ ነገር አይቶ፣ የቀረውን ከልቡ ነው ያነበበው። አሁን እውነቱን ቢነግሩት ሁለት ነገር አብሮ ይሰማል፤ ድካሙ ከንቱ መሆኑንና ዓይኑ ከነገ በፊት ዛሬውኑ መሄዱን። መምህሩ ብርቱካኑን ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠው።

«የመጣሁት እኔ ነኝ» አለ ጋሼ፣ ፊቱን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «ፊደሉን ወደ አንተ ልክ አወረድኩት። ያን ዕለት ምልክት ታይቶ ይታለፋል ያልኩህ ነገር አለ። አይታለፍም። በአፍ መናገሩ አልሆንልኝ ሲል በእጄ ልናገረው ብዬ ነው። ትንሽ ቆየሁ፤ ዓይኔ ነው ያዘገየኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «በል ንገረኝ፤ ነቃፊው አንተ ነህ። ገጥሟል ወይስ አልገጠመም?»

«ገጥሟል ጋሼ።»

«ምልክቱን አልነካህም አይደል?»

«አልነካሁም።»

«ጎሽ» አለ ጋሼ። ገጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመዳፉ ደጋግሞ ዳበሰው። ነገ ኮቱ ኪስ ውስጥ እንድታደርግለት እህቱን አዘዛት፤ ሆስፒታል ይዞት ይገባል። ከዚያ ሦስቱም ብርቱካን በሉ። ጋሼ ስለ መምህሩ ልጆች ጠየቀ፣ ትንሿ ማንበብ ጀምራለች ሲባል «በየትኛው ፊደል?» አለ፤ በእሱ ፊደል መሆኑ ሲነገረው ሳቀ፣ ሳቁም ሳሉን አስከተለ። መምህሩ ልጣጩን እየሰበሰበ በደቃቁ ይቆራርጠው ነበር። ስለ ሐኪሙ ማንም አላነሣም። ትንሽ ቆይቶ ጋሼ በተቀመጠበት እንቅልፍ ሸለብ አደረገው፤ የእናታቸው መነጽር ወደ አፍንጫው ጫፍ ተንሸራተተ፣ መምህሩ ተነሥቶ አወለቀለት።

ከዚያ ጨርቁን ከኮምፒውተሯ ላይ ገፎ ተቀመጠ። እህቱ የድሮዎቹን ምልክቶች የያዘውን ማህደር ከፍታ ሰጠችው። የስምንት ወሩን ሥራ አወጣው፣ አሮጌዎቹን በቦታው አስገባ፣ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች እንዲከፍቷቸው አድርጎ አስቀመጣቸው። ከሻይ መጠጫ ጊዜ የበለጠ አልፈጀበትም። መፈተኛ ገጹን እንደገና ሲያትሙ፣ ማተሚያ ቤቱ የጣላት፣ እዚያው ጥግ ያለችው አሮጌ ፕሪንተር ጋሼን እንዳትቀሰቅሰው ትራስ ደግፈው አፈኗት። ገጹ ወጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አዩት። ገጥሟል። ፊደሉና ምልክቱ ከአንድ እጅ የወጡ ይመስላሉ፤ ሳይጣሉም በፊት እንዲህ ገጥመው አያውቁም። ማየት የነበረበት ሰው ግን አጠገባቸው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተኝቷል። አምና በዚህ ወቅት አንዱ ለአንዱ አንድ ስልክ ቢደውል ኖሮ ይህን ገጽ ሦስት ሆነው ያዩት ነበር። እሷም ያንን ነው የምታስበው፤ መምህሩም ያንን ነው የሚያስበው፤ ግን አልተባባሉም። መምህሩ የበፊቱን ገጽ ከጋሼ ጉልበት ላይ ቀስ አድርጎ አነሣና አዲሱን አስቀመጠለት። ኪሱ ውስጥ የሚገባው እንኳን እውነተኛው ይሁን አላት በሹክሹክታ።

የቀረው ማስታወሻው ነው። ጥቅሉ በታደሰ ቁጥር ምን እንደተለወጠ በሁለት በሦስት መስመር ይጻፋል፤ የሚጠቀሙበት ሰዎች ያንን አይተው ነው የሚወስዱት። እህቱ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ጻፈች። የጽሑፍ ፊደላት፦ መስመራቸው ቀጥኗል፣ ሆዳቸው ሰፍቷል፤ ከሒሳብ ምልክቶች ጋር እንዲገጥሙ ሁሉም እንደገና ተሥለዋል። ከሥሩ «የሒሳብ ምልክቶች» ብላ ሁለት ነጥቧን አድርጋ እጅዋን አቆመች።

«ስለ ምልክቶቹ ምን ልበል?» አለችው ወደ ኋላዋ ሳትዞር።

መምህሩ ፍላሹን ክብሪት ቀፎው ውስጥ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ለውጥ የለም በዪ» አላት።